አባትህ ቅልብልቦሽ ይጫወታል

ውድ ልጄ፣

ስምህን አልጽፍም፤ የኔንም አልጽፍም። ይህን የሚያደርስልህን ሰው ራሱ አላምነውም፤ ግን ሌላ የምልከው ሰው የለኝም። አንብበህ ስትጨርስ አቃጥለው።

አባትህ እየዳነ ነው። ደስ ይበልህ ልልህ ነበር፤ ግን እንቅልፍ የነሳኝ ይኸው መዳኑ ነው።

አንተ ወረቀት በትነሃል ተብለህ ከቤት ከወጣህ በኋላ፣ ቀበሌ አባትህን እየጠራ «ልጅህን አምጣ» ይለው ነበር። አንዳንዴም እዚያው ያሳድሩታል። አንድ ቀን ከዚያ ሲመለስ ደጃፋችን ላይ ወደቀ። ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለው፤ አፉም ተጣመመ። ጥቂት ቆይቶ አንድ አብዮት ጥበቃ አልጋው ድረስ ገባና ቀኝ እጁን አንስቶ ለቀቀው። እጁ ዱብ አለ። «ይሄ ደግሞ ምን ሊያደርግልን ነው» ብሎ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ የጠራው የለም። ልጄ፣ ልደታ ሄጄ ስለ በሽታው አመሰገንኩ። ይቅር ይበለኝ፤ ዛሬም አመሰግናለሁ።

እንዲህ ባለንበት ነው ኮከቤ የምትባል ልጅ «ከሆስፒታል ተልኬ ነው» ብላ የመጣችው። ግማሽ ጎናቸው የማይታዘዝላቸውን ሽማግሌዎች ስፖርት ታሠራለች አሉ። ነጭ ጋዋኗ በደንብ የተተኮሰ፣ ፊቷ ሳቂታ። ሳቂታ ሰው በዚህ ዘመን ደስ አይለኝም። ገና ሳትቀመጥ «ልጆች አሏችሁ እማማ?» አለችኝ። በቃ፣ ጆሮ ጠቢ ናት አልኩ።

መጀመሪያ ላይ አልተሳካላትም። «እጅዎን ያንሱ፣ ያውርዱ» ስትለው አባትህ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። እኔም በሆዴ ጎሽ እላለሁ። አንድ ጠዋት ግን ከኪሷ ጠጠሮች አወጣችና አልጋው ጫፍ ላይ ቅልብልቦሽ ትጫወት ጀመር። አንዷን ወደ ላይ ትወረውርና ሌሎቹን አፍሳ መልሳ ትቀልባለች።

«አባባ፣ እርስዎ ይችላሉ?»

«የሴት ልጅ ጨዋታ!» ብሎ በተጣመመ አፉ ተቆጣ።

«እንግዲያው አይችሉም ማለት ነው» አለችና ጠጠሮቹን እዚያው ትታለት ሄደች። እልኸኝነቱን ታውቀው የለ? ከሰዓት በኋላ ጓዳ ሆኜ የጠጠር ድምፅ ሰማሁ። ያንን የሞተ እጁን በደህናው እጁ እየደገፈ ይለማመዳል።

ቆይቶ ነገሩ ወደ ግቢያችን ወጣ። የሰፈሩ ሕመምተኛ ሁሉ ይመጣ ጀመር። ሰብሰብ ብሎ መቆም በሚያስጠይቅበት ጊዜ፣ ስብሰባ በኔ ግቢ! ኮከቤ መሬቱ ላይ በጠመኔ ሰኞ ማክሰኞ ትሥልና ከሣጥን ሣጥን እግራቸውን እያነሡ እንዲራመዱ ታደርጋለች። በየግድግዳው በጠመኔ በመጻፍ ስንት ልጅ እንዳለቀ እሷ አታውቅም? እነሱ ሲሄዱ በውሃ እፈትገዋለሁ። ይባስ ብሎ ደግሞ የቀበሌው ሊቀመንበር እናት ወይዘሮ ጠጅቱ መጡ። በሽታው እሳቸውንም ግራ እጃቸውን ይዟቸዋል። የመሰብሰቢያውን ፈቃድ ከልጃቸው ያስገኙት እሳቸው ናቸው። ከዚህ ሁሉ ቤት የኔን ግቢ ለምን መረጡ? ስኳር እንኳ ሳይሰለፉ የሚደርሳቸው ሴት ከኛ ምን ይፈልጋሉ?

ከአባትህ ጋር ቅልብልቦሽ ሲጫወቱ ደግሞ ያጭበረብራሉ። የወደቀውን ጠጠር በነጠላቸው ጫፍ ይሸፍኑና «አልወደቀም!» ይላሉ። አባትህ «ወድቋል!» ብሎ ግቢውን ይቀውጠዋል። እኔ ከኋላው ሆኜ ጀርባውን እቆነጥጠዋለሁ። «ቀስ በል እንጂ፣ ታመሃል እኮ!» እለዋለሁ። እሺ ይላል፤ ጠጠሯ ወደ ላይ ስትወጣ ግን መታመሙን ይረሳዋል።

ኮከቤን አንድ ቀን ለብቻዋ ያዝኳት።

«ማን ነው የላከሽ?»

«ሆስፒታሉ ነዋ እማማ።»

«ታዲያ ስለ ልጆቼ ምን አገባሽ?»

«አባባን የሚያነሳልዎት ሰው እንዳለ ለማወቅ ብዬ ነው» አለችኝ፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። እንባ ማንም ያፈሳል። አልተዋጠልኝም።

ባለፈው ሳምንት የፈራሁት ደረሰ። ሊቀመንበሩ ራሱ፣ ጠመንጃ የያዘ ጥበቃ አስከትሎ፣ እናቴን ልወስድ ነው ብሎ ገባ። ዓይኑ ግን አባትህ ላይ ነበር። አባትህ ደግሞ ገና ጠጠሮቹን አፍሶ በቀኝ እጁ ጨብጧቸዋል።

«አባት፣ ድነዋል አሉኝ። እስቲ ይነሱ።»

አሁን ትናገራለች ብዬ ኮከቤን አየኋት። መሬት መሬቱን ታያለች።

«የቱ ነው የዳነው?» አሉ ወይዘሮ ጠጅቱ። «ይሄ?» በደህናው እጃቸው የአባትህን ጣቶች ፈልቅቀው ጠጠሮቹን አራገፏቸው። «እኔ እኮ ነኝ እጁ ላይ የማስቀምጥለት! ግንድ ነው፣ ግንድ!» ብለው እጁን ለቀቁት። አባትህም ገባውና እጁን ዱብ አደረገው። «የምጫወትበትን ሰው ልትወስድብኝ ነው? ይልቅ እኔን አንሳኝ፣ ብርዱ መጣ» አሉት ልጃቸውን።

ሊቀመንበሩ ወደ ኮከቤ ዞሮ «እውነት ነው?» አላት።

«ምንም ለውጥ የለውም» አለች። ድምፅዋ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። እሱም ሳቅ ብሎ እናቱን ደግፎ ወጣ።

በማግስቱ ወይዘሮ ጠጅቱን «ለምን እንዲህ አደረጉልን?» አልኳቸው። «ሳላሸንፈው የት ሊሄድብኝ!» ብለው ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን አቆሙና «ልጄን አውቀዋለሁ። የወለድኩት እኔ ነኝ» አሉኝ። ጠጠራቸውንም አነሱ።

አሁንም አላምናቸውም። አባትህ አብዝቶ ቢያሸንፋቸው ተናደው የሚናገሩብን ይመስለኛል። እንዲሸነፍላቸው ብለምነው እምቢ አለኝ። ኮከቤንም አላመንኳትም፤ ግን ስትመጣ ምሳ አስቀምጥላታለሁ።

አባቴን ሳላየው አልቀርም፣ እመጣለሁ ብለሃል አሉ። ልጄ፣ አትምጣ። አባትህ ዛሬ በሩ በተንኳኳ ቁጥር እጁን መጣል ተምሯል፤ ለሊቀመንበሩም ለጥበቃውም ግንድ ይሆንላቸዋል። አንተን በሩ ላይ ካየ ግን ግንድ መሆን አይችልም። ሰው ሁሉ እያየው ተነሥቶ ይመጣልሃል። ያለ ምርኩዝ በሩ ድረስ መድረስ ይችላል፤ በዓይኔ አይቻለሁ።

እናትህ