አባባ ሲሳፈሩ የምትጮኸው መኪና

ዓርብ

ዛሬም ጮኸች። ጠዋት አባባን ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አድርሼ፣ እግሬን ከነዳጅ ፔዳሉ ላይ አንስቼ እያለ፣ ሞተሩ ማንም ሳይነካው ዙሩን እየጨመረ ወጣ። ተሳላሚው ሁሉ ዞሮ አየን። አባባ ሲወርዱ ጸጥ አለች።

ከሰዓት የዓርብ ገበያ ግርግር ሲቀንስ ጨርቆቼን ጠቅልዬ መካኒኩ አያሌው ጋ ወሰድኳት። እዚያማ ጨዋ ሆነች። «ምኗን ልንካልህ? ሚኒሞዋ፣ ቆማ የምትዞረው ዙር፣ ልክ ነው» አለኝ። ውሸታም መሰልኩ።

ይቺ አሮጌ ቫን ሱቄም ማደሪያዬም ናት። ከኋላ አልጋ አላት፤ መካነ ኢየሱስ ድረስ ለገበያ ስሄድ እዚያው አድርባታለሁ። ማክሰኞ ግን ጨርቅ አይደለም የምትጭነው። አባባ ደብረ ታቦር የዓይን ቀዶ ሕክምና አላቸው። ግራ ዓይናቸው ጠፍቷል፣ ቀኙ ጭላንጭል ብቻ ነው። ይህ ቀጠሮ ካለፈ ሌላ መቼ እንደሚገኝ እንጃ። መንገዱ ደግሞ ቁልቁለት አለው። ቁልቁለት ላይ ከጮኸች ፍሬኑ ይችላታል ወይ?

ቅዳሜ

አያሌው ካርቡሬተሩን ፈትቶ አጠበ። ከፔዳሉ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ሽቦ በአዲስ ቀየረ። ወለሉ ላይ ያለው የሽቦው ክዳን ከተሰበረ ቆይቷል፣ እሱን የሚተካ አላገኘም። ብቻዬን ዳገቱን ወጣሁ፣ ወረድኩ፣ ደገምኩ። ዝም። ከስንት ቀን በኋላ እህል ጣመኝ።

እሑድ

ደስታዬ አንድ ቀን አላደረም። አባባ ከሕክምናው በፊት ቤተ ልሔም ገዳም ሄደው የድሮ ጓደኞቻቸውን፣ አብረዋቸው ዜማ ያስተማሩትን መምህራን፣ ልሰናበት አሉ። ስንመለስ ቁልቁለቱ ላይ ጮኸች። ፍሬኑን ሙጭጭ አድርጌ ይዤ ወረድኩ፤ ከጎማው የቃጠሎ ሽታ መጣ። «ምን ሆነች ልጄ?» ይላሉ አባባ። «ምንም» አልኩ። 

ማታ ለባለቤቴ ለትርንጎ ነገርኳት። «አባባን ስታይ ትደነግጣለች እንዴ?» ብላ ሳቀች። እኔ መሳቅ አቃተኝ። ደክሞኛል።

ሰኞ

በአውቶቡስ እንሂድ አልኳቸው። እምቢ አሉ። ባለፈው መናኸሪያ ላይ ተገፍተው የወደቁትን አልረሱም። «በአንተ መኪና ካልሆነ ይቅርብኝ፤ እንደታወርኩ እሞታለሁ» አሉ።

የትርንጎን ነገር ሳስበው ግን ቀልድ ብቻ አልመስል አለኝ። እሷን ጋቢና አስቀምጬ ሞተሩን አስነሳሁ፤ ዝም። አባባን አስቀመጥኩ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ መቋሚያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወለሉ ላይ ተከሉ። ጮኸች!

ጎንበስ ብዬ ጋቢያቸውን ገለጥኩ። የመቋሚያው ጫፍ ወለሉ ላይ በእሳቸው በኩል በሚያልፈው፣ በዚያ ክዳን በሌለው ሽቦ ላይ አርፏል። ሲጫኑት ሽቦው እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ወደ ታች ይጎብጣል፣ ስቦ ነዳጁን ይከፍታል። ስንት ቀን ያሰቃየኝ ይኸው ነው።

«አባባ፣ ያንሱት እንጂ!» ብዬ ጮኽኩባቸው። በሕይወቴ ጮኼባቸው አላውቅም።

ቀስ ብለው አነሱት። ጸጥ አለች። ነገሩን ሳስረዳቸው አንገታቸውን ደፉ። «ዓይኔ ከደከመ ወዲህ መንገዱን የማውቀው በዚህ ነው» አሉኝ። «ጠጠሩም ጉድጓዱም በእጄ ይመጣልኛል። ቁልቁለት ሲሆን እፈራለሁ፣ አጥብቄ እይዘዋለሁ።»

እኔም ስትጮኽ ፈርቼ ዝም እላለሁ፤ እሳቸው ዝምታዬን ሲሰሙ የባሰ ይጫናሉ። አፈርኩ። ይቅርታ ማለት እንኳ ከአፌ አልወጣ አለ።

ማክሰኞ

መቋሚያውን ከኋላ፣ ትርንጎ ጎን አልጋው ላይ አጋደምነው። አባባ ጋቢና ገብተው ባዶ እጃቸውን የሚያሳርፉበት አጡ። ጭናቸው ላይ አደረጉት፣ በሩን ያዙ፣ ተዉት።

«ትከሻዬን ይያዙ» አልኳቸው።

ያዙ። ቁልቁለቱ ሲመጣ ጣቶቻቸው ሥጋዬ ውስጥ ገቡ። እኔም ዝም አላልኩም፤ «አሁን ወደ ግራ ይታጠፋል፣ አሁን ጠጠር ነው፣ አሁን ድልድይ» እያልኩ ነዳሁ። ሞተሩ አንዴም አልጮኸም። ከቀትር በኋላ ቀዶ ሕክምናው ተደረገላቸው። ዛሬ ምንም አይታወቅም፣ ነገ ፋሻው ሲፈታ ነው አሉን ሐኪሞቹ።

ረቡዕ

ፋሻው ተፈታ። አባባ ብዙ ጊዜ ዓይናቸውን አርገበገቡ። ነርሷ «ይታይዎታል?» አለቻቸው። 

ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ትክ ብለው አዩኝ። «ሸብተሃል ለካ» አሉኝ። ትርንጎ እልል አለች። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ አለቀስኩ።

መኪናው ጋ ስንደርስ መቋሚያቸውን ራሳቸው ከኋላ አጋደሙት። ጋቢና ገብተው የተሰበረውን ክዳን ጎንበስ ብለው አዩት፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሞተሩን ሳስነሳ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አደረጉ። ሐኪሙ ያያሉ ብሏል፣ መንገዱም ይታያቸዋል። እጃቸውን ግን ቤት እስክንደርስ አላነሱትም።