በስለት የተጠራ ስም

ይድረስ ለታላቅ እኅቴ ለዙፋን፣ ጎንደር።

እታለም፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽስ እንዴት ነው? ጉልበትሽን የሚይዝሽ ቁርጥማት ለቀቅ አደረገሽ ወይስ አሁንም ዳገት ስትወጪ ያስቆምሻል? አያ ደሞዝ እንዴት ነው፣ ሳሉ ተወው? አየሁሽስ ትምህርቷ እንዴት ሆነላት? ላሚቱስ ወለደች? እኛ እዚህ መተማ ሙቀቱ ከወትሮው ቀድሞ መጥቶ ከማቃጠሉ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ደኅና ነን ማለቴ ባሌ ጎሹ፣ ልጆቹና እኔ ነን። ወንድማችን ደምለው ግን ደኅና አይደለም፤ ደኅና ያልሆነውም ባንቺ ነው። ሰላምታዬን እንደ ልማዴ አስረዝሜ ልጽፍ አስቤ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ።

ይህን ደብዳቤ ራስሽ አንብቢው። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ለይተሻል፣ የምስክር ወረቀትሽንም ግድግዳ ላይ ሰቅለሽዋል፤ እንግዲያው ቀስ እያልሽ አንብቢው እንጂ ለጎረቤት ሰጥተሽ እንዳታስነብቢ። በፖስታ አልላክሁትም። የሚያመጣልሽ ሰው ማንበብ አይችልም፤ የመረጥሁትም ለዚያ ነው።

በላክሽልኝ ወረቀት ላይ "ስለቴ ሠመረ፣ ጥላውን አስገባሁ፣ ሕዝቡ ሁሉ እልል አለልኝ፣ አንቺም እልል በይ" ብለሻል። እልል አላልሁም። ወረቀትሽ እኔ ዘንድ ሳይደርስ ወሬው ቀድሞሽ ገብቶ ነበር። አንቺ የምታውቂው ግማሹን ነውና ከመጀመሪያው ልንገርሽ፤ ያደረግሽውን እንድታውቂው።

ደምለው እዚህ ጤና ጣቢያ ጥርስ ሲያክምና ሲነቅል ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ቀኑን ሙሉ ሰው አፍ ላይ ሲያጎነብስ ይውልና ማታ ወገቡን ማቅናት ያቅተዋል። ለወገቡ ብሎ የሕመም ማስታገሻ መርፌ ጀመረ። ወገቡ ዳነ፣ መርፌው ግን አልሄድ አለ። ከመንግሥት መድኃኒት አንዲት ብልቃጥ አልነካም፤ ገላባት ተሻግሮ ከሱዳኖቹ መድኃኒት ቤት ነበር የሚገዛው። እኔ ይከሳል እንጂ ምን እንደሆነ አላወቅሁም ነበር፤ ወባ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ለሰሊጥ አጨዳ ከወሎ መጥቶ እዚሁ ለቀረ ሰው የታመመውን ጥርስ ትቶ ደኅናውን ነቀለለት። ሰውየው የተነቀለውን መዳፉ ላይ አድርጎ ገልበጥ ገልበጥ አደረገና "ኧረ ሐኪም፣ ይኼማ ጎረቤቱ ነው" አለው አሉ። ወረፋ የሚጠብቀው ሁሉ ሳቀ። ደምለው ጓሮ ዞሮ አለቀሰ።

ያኔ ነው የጤና ጣቢያው ኃላፊ ሲስተር ፋናዬ እኔንና እሱን ጠርታ በሩን ዘግታ ያነጋገረችን። ክንዱን አይታዋለች። "ለበላይ ብጽፍ ይህ ልጅ የሚሄደው ወደ ሕክምና አይደለም፣ ወደ እስር ቤት ነው" አለች። ከዚያም ስለ አቶ ዋሴ ነገረችን። አቶ ዋሴ ሠላሳ ዓመት ጥርስ የነቀሉ፣ በአረቄ እጃቸው ተንቀጥቅጦ ከሥራ የወጡ፣ ኋላም ራሳቸውን ያዳኑ ሽማግሌ ናቸው። የሙያ ልጆቻቸው ሲታመሙ ቤታቸው በስውር ያስቀምጣሉ። ለምን በስውር ትይኝ እንደሆነ፣ ጥርስ ሐኪምን ሰው የሚያምነው በእጁ ነው፤ እጁ ተንቀጠቀጠ ከተባለ አፉን የሚከፍትለት የለም። ስለዚህ ሲታመም ይደብቃል፣ ሲደብቅ ይብስበታል። አቶ ዋሴ ይህን ከራሳቸው ያውቁታል።

ሲስተር ፋናዬ "ለሥልጠና ሄዷል" ብላ ጻፈች። ሦስት ወር ተቀመጠ። እዚያ ቤት ውስጥ ሌሎች ሁለት የሙያው ሰዎች ነበሩ፤ ከየት እንደመጡ እስከ ዛሬ አያውቅም። የዓለም ስም በር ላይ ይቀራል፣ የሚጠራሩት በክርስትና ስም ብቻ ነው፤ የቤቱ ሕግ ይኸው ነው። ሰው ሰውን ቢያገኝ እንኳ ማን እንደሆነ ለመናገር እንዳይችል። ሐምሌ ላይ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ሰው ሲወጣ፣ ክንዱን ገልጦ ለሲስተር ፋናዬ ያሳያል። ሰባት ወር ሙሉ አንዲት የመርፌ ነጥብ አልተገኘበትም። እጁ ተመለሰ፤ ጨዋታው ተመለሰ።

ለአንቺ የነገርሁሽ እኔ ነኝ። ሲሄድም ነገርሁሽ፣ ሲመለስም ነገርሁሽ። ጭንቁን ብቻዬን መሸከም አቅቶኝ ነው። ይህ ጥፋት የእኔ ነው፣ አልክድም፤ ለእሱም እግሩ ላይ ወድቄ ነግሬዋለሁ። ነገር ግን "ለነፍስ አባትሽም ቢሆን ስሙን እንዳትጠሪ" ብዬ ጽፌ ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ። አንቺም "አፌ መቃብር ነው" ብለሽ መልሰሽልኛል። ወረቀቱ እጄ ላይ አለ።

መሳልሽ ደግ ነው። ጥላ ማስገባትሽም ደግ ነው። ግን ምን ነካሽ፣ እታለም! ጥር ሃያ አንድ፣ የጎንደር ሕዝብ ሁሉ በተሰበሰበበት፣ በድምፅ ማጉያ "የመተማው የጥርስ ሐኪም ደምለው፣ በአቶ ዋሴ ቤት ከመርፌ ሱስ ስለዳነላቸው እኅቱ ወይዘሮ ዙፋን" እያስባልሽ ታስለፍፊያለሽ? ስለት ስም ካልተጠራበት አይደርስም ብለሽ ነው አሉ። የክርስትና ስም የለውም? በአርባ ቀኑ አቅፈሽ ያስጠመቅሽው አንቺ አይደለሽም? እግዚአብሔር የሚያውቀው በዚያ ስሙ ነው። ካህኑ ጆሮ ሹክ ብትይ እመቤታችን አትሰማሽም ነበር? ታዲያ ደምለው ብለሽ ያስጠራሽው ለማን ነው? ለማን እንደሆነ እኔ ልንገርሽ፤ ለቢሻው ነው።

እህል ነጋዴው ቢሻው የልጅ ልጁን ክርስትና ሊያስነሣ ጎንደር ወጥቶ እዚያው ቆሞ ሰምቷል። ከጭነት መኪናው ሳይወርድ ጀመረው። በሦስት ቀን ውስጥ መተማ ላይ ያልሰማ አህያ ብቻ ነው። ሻይ ቤት የተቀመጡ ቦዘኔዎች ደምለው ሲያልፍ ጉንጫቸውን ይዘው "ሐኪም፣ ለእኛስ አንዳንድ ትወጋናለህ?" ይሉት ጀመር። ሰባት ወር ወረፋ ሲጋፋ የነበረው ሰው በአንድ ሳምንት ጠፋ። የመጣችው ሐዋ ብቻ ናት፤ ገበያ ላይ ሽንኩርት ከጎኔ የምትሸጠዋ። ጉንጯ እንደ ቅል አብጦ ገባች። በር ላይ የነበረው ዘበኛ "ስለ እሱ የሚባለውን አልሰማሽም እንዴ?" ቢላት "እኔ የማስነቅለው ጥርሴን ነው፣ ወሬህን ከፈለግህ አንተ አስነቅለው" ብላው አለፈች። ደምለው በአንዴ ነቀለላት። ስትወጣ ደሟን እየተፋች "እዩት! የታመመው እሱ ራሱ ነው!" እያለች ጥርሷን ለመንገደኛው ሁሉ አሳየች። እኔም ያን ቀን ሳቅሁ፤ ከዚያ ወዲህ አልሳቅሁም።

ረቡዕ ስብሰባ ተጠራ። ሂስና ግለሂስ ታውቂያለሽ፤ ከናንተም ቀበሌ አለ። ደምለውን አስነሥተው ግለሂስ አድርግ አሉት። ተነሣና የሆነውን ሁሉ ተናገረ፤ ወገቡን፣ መርፌውን፣ የወሎውን ሰው ጥርስ፣ አንድም አልሸሸገ። ይቅርታም ጠየቀ። የፖለቲካ ተጠሪው ግን "ይህ አይበቃም፣ እዚያ ቤት አብረውህ የነበሩት እነማን ናቸው?" አለው። ደምለው "ግለሂስ የራስ ነው ብላችሁ ያስተማራችሁኝ እናንተ ናችሁ፤ የሌላ ሰው የለኝም" አለ። ደግመው ጠየቁት፣ ደግሞ ይህንኑ አለ። የሕዝብ መድኃኒት ሰርቀሃልም አሉት፤ ገላባት ነው የገዛሁት ቢል ያም ሌላ ወንጀል ነው። ሲስተር ፋናዬንም አስነሥተው ለምን ሸሸግሽ አሏት። "የሸሸግሁት በሽተኛ ነው። የበሽተኛን ገመና መሸሸግ ሥራዬ ነው" አለች፤ ድምፅዋ እንኳ አልተለወጠም። እሷን ወደ ሌላ ወረዳ ሊያዛውሯት ነው፣ እሱን ከሥራ አግደውታል። ጉዳዩ ለበላይ ተጽፏል።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝን ልንገርሽ። አቶ ዋሴ ቤት ያን ጊዜ አንድ ሰው ነበር። አምስተኛ ሳምንቱን ይዞ፣ እንቅልፍ ሊመጣለት፣ ምግብ ሊረጋለት ሲል ወሬውን ሰምቶ ልብሱን ሳይሰበስብ ወጥቶ ሄደ። አቶ ዋሴም ቤታቸውን ዘጉ። ያ ሰው ወደ መርፌው ይመለስ ወደ ገደል አይታወቅም። እሱም እኅት ይኖረዋል፣ እታለም። እሷም የትም ሆና ተስላለት ይሆናል። ያንቺ ስለት ሲሠምር የእሷ ቀረ።

ከስብሰባው ማግስት ገበያ ላይ በርበሬ ስመዝን ደምለው ወደ ገላባት መሻገሪያ ሲሄድ አየሁት። አረማመዱን አውቀዋለሁ። ሚዛኑን ለሐዋ ጥዬ ሮጥሁ። ነጠላዬ የት እንደወደቀ አላውቅም። ድንበሩን የሚጠብቁት ፊናንሶች ፊት ደርሼ ሸሚዙን ከኋላ ጨመደድሁት። "እቴ፣ ልቀቂኝ፣ ሰው እያየን ነው" አለኝ። "ሰውማ አይቶህ ጨርሷል፤ ከእንግዲህ ማን ቀረ ብለህ ታፍራለህ?" አልሁት። አንዱ ፊናንስ "ምን ሰርቆሽ ነው?" ቢለኝ "ወንድሜን" አልሁት። ሸሚዙ እጄ ላይ ተቀደደ፣ እኔ ግን አልለቀቅሁም። ብዙ ቆምን። ፀሐዩ አናታችንን ይበሳ ነበር። ኋላ ትከሻው ወረደ፣ ፊቱን አዞረ፤ ተመለስን። ክንዱን ሳልጠይቀው ገልጦ አሳየኝ። ንጹሕ ነው።

አሁን መተማ የለም። ከሄደ ሁለት ሳምንቱ ነው። የበላዩ ውሳኔ እስኪመጣ ከሚጠብቀው ሰው ጋር አለ፤ ክንዱንም የሚያይለት ሰው አለ። በወረቀትሽ "የት እንዳለ ንገሪኝ፣ ስንቅ ይዤ ልምጣ" ብለሻል። አልነግርሽም። ብትመጪም አልነግርሽም፣ ብታለቅሺም አልነግርሽም። ጎሹም አያውቅም። እንደምትወጂው አውቃለሁ፤ ቀን ተቀን ስታለቅሺለት እንደነበረ አውቃለሁ። መውደድሽን አልጠረጠርሁም፤ አፍሽን ግን አላምነውም። ይህን ለታላቄ መጻፌ ያሳፍረኛል፤ ቢሆንም አልሰርዘውም።

እንግዲህ ለአያ ደሞዝ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፣ ለሳሉ ማር በሎሚ ይጠጣ። አየሁሽን ሁለቱን ጉንጮቿን ሳሚልኝ። እማማ ሀብትነሽንም እጅ ንሺልኝ፤ ስለ ደምለው ቢጠይቁሽ ግን ደኅና ነው ብለሽ ወደ ሌላ ጨዋታ እለፊ። ከዚህ ጎሹና ልጆቹ እንደምን አለሽ ይሉሻል። ሐዋ ሰላም አትልሽም፤ ጠይቄያት እምቢ ብላለች።

ደምለው ሰላም ይልሻል። ሊሄድ ሲል "ለእታለም ስትጽፊ ሰላም በይልኝ፣ ስለ ስለቱ ግን ክፉ ቃል እንዳትናገሪያት" ብሎ አስጠንቅቆኝ ነበር። እንዳየሽው የፈጸምሁለት የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

እኅትሽ ውዴ
መተማ ዮሐንስ፣ የካቲት ፳፮ ቀን ፲፱፻፸፭ ዓ.ም.