የበራችን ገመድ

ሐርጌሳ፣ ጋአን ሊባህ

ልጄ ጣይባ፣ አላህ ካለሽበት ክፉውን ያርቅልሽ። እኔ አልሀምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ውሃ ከጠፋ ግን ሳምንት አለፈው።

ቋንቋ የምታለማምድሽ ጓደኛሽ ስለ ቤታችን እንደምታስወራሽ ስትነግሪኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ማክሰኞ አንድ የማላውቀው ሰው መጣ። አላንኳኳም። ከቆርቆሮው ሥር የደበቅናትን ገመድ ስቦ በሩን ከፈተና "የጣይባ ወንድም የለም?" አለኝ። ያቺን ገመድ ከአንቺ፣ ከእኔና ከወንድምሽ ከሪያድ በቀር ማን ያውቃል?

አልቆጣሽም፤ የዋህ ነሽ። ብቻ ለዚያች ጓደኛሽ "ቤት ቀይረው አያሃ ሰፈር፣ ከሮዳ ሱቅ ጀርባ ገብተዋል" በያት። እዚያ እኛን ፈልጎ የሚመጣ ሰው እንዳለ ሮዳ ታይልኛለች። ማንም ካልመጣ፣ ስላማኋት አላህ ይማረኝ። ሰው ከመጣ ግን ያንቺንም በር ቁልፍ ዛሬውኑ ቀይሪ።

እኔ በማልደርስበት አላህ ይድረስልሽ።

እናትሽ ሀሲና