ስለ እንግሊዝኛው መጽሐፍ ምስጋና

ነቀምት፣ ጥር 12 ቀን 1955 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለጋሼ ጆቴ፤ ሰላምታዬ ካለህበት በጤና ያግኝህ። እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን።

የላክህልኝ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ደረሰኝ፤ እግዚአብሔር ያክብርህ። «ሉክ አፍተር» ማለት መጠበቅ፣ መንከባከብ መሆኑን ከእሱ ተማርኩ። ለሕፃንም፣ ለከብትም፣ ለታመመም ይባላል። መምህሩ ዐረፍተ ነገር ሥሩ ሲሉን «አይ ሉክ አፍተር ማይ ፋዘር»፣ አባቴን እጠብቃለሁ ብዬ ጻፍኩና አመሰገኑኝ። አባባን ገበያም ቤተ ክርስቲያንም የማደርሰው፣ የምመልሰውም እኔ ስለሆንኩ ምሳሌ አልቸገረኝም።

ደብዳቤህን ሳነብለት ከመቀመጫው ተነሥቶ እንደ ወጉ ረጅም ምርቃት መረቀህ። ሲጨርስ «እንዲህ ያለ አሳቢ የማን ልጅ ነው?» አለኝ።

«የጨመዳ ልጅ ነው» አልኩት።

«አላውቀውም እንጂ አባቱ ታድሏል» አለ።

መንገዱ ከተመቸህ ፋሲካን አትጠብቅ። በደህና ያገናኘን።

እህትህ ድርቤ ጨመዳ