የዓሣ ጫጩቶቹ ጭንቅላት

የካቲት 6 ቀን 1988 ዓ.ም.፣ ጋምቤላ

ከግብርና ቢሯችን የዓሣ ማርቢያ ኩሬ የወጡትን የዓሣ ጫጩቶች ዛሬ ለላቦራቶሪ አዘጋጀሁ። ፕሮቲናቸውና ካልሲየማቸው ሊለካ ነው። ጭንቅላትና አጥንታቸውን አውጥቼ ባልዲ ውስጥ ስጥል ኩሬውን የምትጠብቀው አሪየት አየችኝ።

«ምግቡን ጣልክ፤ ምኑን ልትለካ ነው?» አለችኝ።

እኔ ብሎ ባለሙያ! በሰፈራ ከወሎ መጥተን እዚሁ ጋምቤላ፣ አቦቦ የሰፈርን ዓመት እናቴም እንዲሁ አድርጋ ነበር። አንዲት አኙዋክ ጎረቤታችን ያመጣችልንን ትናንሽ ዓሣ እናቴ ጭንቅላቱን እየቆረጠች ደፋችው። ሴትዮዋ የተደፋውን ለቅማ አጠበችው፤ ቀቅላም መልሳ አመጣችልን። እናቴ አፍራ በላች። እኛም በላን፤ ክረምቱን በዚያ ዓሣ ተሻገርነው።

ዛሬ እኔም ከሥጋው ጋር እንዲለካ ከባልዲው ለቅሜ አጠብኩ። የሴትዮዋን ስም ግን አላውቀውም። እቤታችን «ባለዓሣዋ» ብቻ ነበር የምንላት።