ጥርስ ላለው ቆሎ፣ ለሌለው በሶ

ደብረ ሲና
የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለባየው
ሎጊያ፤ በሾፌሩ በጃፈር እጅ

ባየው፣ እንደምን ሰነበትክ? ቆላው እንዴት አድርጎሃል? ሙቀቱ ክብደትህን ቀነሰልህ ወይስ ቁጣህን? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እዚህ ላይ «ከናፍቆትህ በቀር» ተብሎ ይጻፋል ብላኛለች መምህርት ናዝራዊት። እኔ ግን የናፍቆቱን ጉዳይ ገና አልወሰንኩትም። ስጨርስ ቦታ ከተረፈ አየዋለሁ።

ማን ጻፈላት ብለህ ሰፈሩን በሙሉ እየጠረጠርክ እንደሆነ አውቃለሁ። ማንም አልጻፈልኝም። እኔው ነኝ፣ በገዛ እጄ። መምህርት ናዝራዊት ዘንድ የማታ ትምህርት ገብቼ ጨረስኩልህ። በክፍሉም አንደኛ የወጣሁት እኔ ነኝ። ወይዘሮ አመተ ማርያም «እኩል ነን» እያለች ታስወራለች፤ እንዳትሰማት። የሷ ንባብ ጣርማበርን እንደሚወጣ አሮጌ መኪና በየመስመሩ እየቆመ ውኃ ይጠይቃል። የኔ ቁልቁለት ነው፤ የሚያስቸግረኝ ፍሬን መያዙ ብቻ ነው።

ስልክ አትደውልም ወይ ትል ይሆናል። እኔና አንተ ሁለታችንም ጯሂ ነን፤ ጯሂና ጯሂ በስልክ አይደማመጥም። ደግሞ ስልክ ይዘጋል። ደብዳቤን ግን ብትጥለው እንኳ መልሰህ ታነሳዋለህ። የሳሙና መጠቅለያ ሳይቀር ሁለቴ የምታነብ ሰው አይደለህ?

ዋናውን ነገር ልንገርህ፦ ጥሪያችን ተርፏል። ትናንት የምስክር ወረቀቱን በእጄ ተቀብያለሁ። እፎይ! ይህን ቃል ስጽፈው የመጀመሪያዬ ነው፤ ስጽፈውም ትከሻዬ ቀለለኝ። አሁን ከሥሩ ልንገርህ።

አንተ ከቆሎው በኩል ቆመህ «ጥርስ ላለው ቆሎ!» ስትል፣ እኔ ከበሶው በኩል «ለሌለው በሶ!» የምለው ትዝ ይልሃል መቼም። ጣርማበርን ሲወርድ ጆሮው የተደፈነ ተሳፋሪ ሌላው ቢቀር እሱን ይሰማ ነበር። ከዚያ መንገዱ ተዘግቶ መኪና ጠፋ። አንተ «መኪና ወዳለበት ሎጊያ እንውረድ» አልክ፣ እኔ «መንገድ ይከፈታል» አልኩ። ብረት ምጣዱን ተሸክመህ ወረድክ፤ እኔም ከበሶዬ ጋር ቀረሁ። ማን ልክ ነበር ብዬ አልጨቀጭቅህም። መንገዱ ግን ተከፍቷል።

ከሄድክ ጀምሮ ቆሎውንም እኔው ቆልቼ እሸጣለሁ። ጥሪውን ግን የራሴን ግማሽ ብቻ ነው የምጠራው፤ የሰው ድርሻ አልነካም። «ለሌለው በሶ!» ስል ተሳፋሪው በመስኮት ብቅ ብሎ «ምን ለሌለው?» ይለኛል። «ባል ለሌለው» እላለሁ። መኪናው በሙሉ ይስቃል፤ በሶውም ይሸጣል።

አምና ታዲያ አንድ ነጭ መኪና አጠገቤ ቆመና አንድ ሰው መስታወቱን ዝቅ አድርጎ «አንቺ ነሽ በሰለች የምትባይው?» አለኝ።

«ስሜ ከኔ ቀድሞ አዲስ አበባ ገባ እንዴ?» አልኩት።

አልሳቀም። የሚያብረቀርቅ የቆሎ ፓኬት አወጣና «ይህ አባባል የድርጅታችን ነው። እያስመዘገብነው ነው። ከእንግዲህ ብትጠሪበት ትከሰሻለሽ» አለኝ። ያኔ ገና ፊደል አልቆጠርኩም፤ ከፓኬቱ ላይ ያየሁት የገብስ ሥዕል ብቻ ነው።

«ጩኸት ይመዘገባል እንዴ? እንግዲያማ የአህያዬንም አስመዝግቡልኝ!» ብዬ ሰፈሩን አሳቅኩበት። መኪናው ሲሄድ ግን ሳቄም አብሮት ሄደ። አንተ ትሙት፣ ፈራሁ። ዝም ብዬ መሸጥ ሞከርኩ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ ቆሎ ሸጠው የማያውቁ ናቸው። በኛ ሥራ ዝም ያልክ እንደሆነ ገብሱ ከነጆንያው ይነቅዛል። አውቶቡሱ ይቆማል፣ ተሳፋሪው አይቶኝ ያልፋል። ሙዝ ሻጯ ጎረቤታችን ነሲባ እንኳ «በሰለች፣ ጉሮሮሽን አመመሽ?» ትለኝ ጀመር። ማታ ትምህርት የገባሁትም ያኔ ነው፤ አፌ ሥራ ሲፈታ ዓይኔ ይሥራ ብዬ።

ታዲያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቆሎ የምጠቀልልበትን አሮጌ ጋዜጣ ስቀድ ከጣቴ ሥር «ጥ»ን አየሁ። ቀጥሎ «ር»። ቀጥሎ «ስ»። ጥርስ! የጥርስ ሐኪም ማስታወቂያ መሰለኝ። ወደ ፊት ስሄድ «ላለው» ይላል። የያዝኩት ቆሎ እግሬ ሥር ተበተነ። ይህን ሁሉ ዘመን በጋዜጣ ስጠቀልል አንድም ጋዜጣ አናግሮኝ አያውቅም፤ የተናገረ ዕለት የኛን ቃል ተናገረ።

በነጠላ ጫማ እየሮጥኩ መምህርት ናዝራዊት ዘንድ ሄድኩ። አነበበችውና «ወይዘሮ በሰለች፣ ይሄ የንግድ ምልክት ማስታወቂያ ነው። ሰውዬው አባባሉን በስሙ ሊያስመዘግብ አመልክቷል። የሚቃወም ካለ በጊዜው ይቅረብ ነው የሚለው» አለችኝ።

«ጊዜው አልፏል?»

«አላለፈም። ግን እቃወማለሁ ማለት ብቻውን አይበቃም። ቀድመው እንደተጠቀሙበት ማስረጃ ይፈልጋሉ።»

«ጉሮሮዬ አለ!»

«ጉሮሮ ፋይል ውስጥ አይገባም» አለችኝ፤ ልጅቷ እኮ ከኔ ቀልድ ተምራለች።

ማስረጃውን ያመጣው ጃፈር ነው። መኪናው እዚህ ተበላሽቶበት ስናበላው በከረምን ጊዜ ከኋላ ጎማው በሚንጠለጠለው የጭቃ መከላከያ ላስቲክ፣ ፓራፋንጎው ላይ ያጻፈውን ታስታውሳለህ? «ጥርስ ላለው ቆሎ፣ ለሌለው በሶ። ባየውና በሰለች፣ ደብረ ሲና።» ሰዓሊው ዓመተ ምሕረቱን ሳይቀር ከታች ጽፎበታል። ጃፈር መኪና ሲቀይር እንኳ ላስቲኩን ፈትቶ ወደ አዲሱ ነበር ያዛወረው። ነገሩን ስነግረው መፍቻውን ይዞ መኪናው ሥር ገባ።

አዲስ አበባ ሄድን። የንግድ ምልክት የሚመዘግበው መሥሪያ ቤት ጥበቃ «ጎማ ይዞ መግባት ክልክል ነው» አለን። ጃፈር «ጎማ አይደለም ወንድሜ፣ ወላሂ ሰነድ ነው» አለው። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋነው፤ የስንት አገር ጭቃ እየተፈረፈረ ወረቀታቸው ላይ ወደቀ። ጉዳዩን የያዘችው ባለሙያ፣ እግዜር ይስጣት፣ በመሐረብ እየጠረገች አነበበችው። ሰውዬው ከነጠበቃው ተቀምጧል። ጠበቃው ተነስቶ ደንበኛው ማሽን እንዳስመጣ፣ ፓኬት እንዳሳተመ፣ ስንት እንዳወጣ ተናገረ፣ ተናገረ። እኔ ልቤ እንደሚቆላ ሽምብራ ይዘላል። አፌ ግን መቼ ያስቀምጠኛል፤

«አንድ ነገር ልጠይቅ?» አልኩ።

«ይጠይቁ እናቴ» አለች ባለሙያዋ።

ወደ ሰውዬው ዞርኩ። «ጌታው፣ ፋብሪካዎ ምን ይሠራል?»

«ቆሎ።»

«ሌላስ?»

«ቆሎ ብቻ።»

«እንግዲያ አንድ ጥርሱ ያለቀ ሽማግሌ ፓኬትዎን አንብቦ ‹በሶዬን አምጡ› ቢልዎት ምን ይሰጡታል?»

ጠበቃው ፓኬቱን ገልብጦ ማየት ጀመረ፤ በሶው ከጀርባው ያለ ይመስል። ጃፈር «ሱብሓነላህ» አለ። ባለሙያዋ ሳቋን ለመደበቅ ጎንበስ ብላ ፓራፋንጎውን ደግማ አነበበች። ሰውዬው ቃሉን ሲወስድ ከነበሶው ነበር የወሰደው፤ የማን እንደሆነ ማጣራቱ ቀርቶ ምን እንደሚል እንኳ አላየውም። ማመልከቻው ውድቅ ሆነ።

ግን አላለቀም። የሱ መውደቅ የኛ መሆን አይደለም፤ በራሳችን ስም ማመልከት አለብን ተባልኩ። ያኔ ባለሙያዋ ጣቷን ላስቲኩ ላይ አድርጋ «ባየው ማነው?» አለችኝ።

«ባለቤቴ ነው።»

«አብረው ነው የሚነግዱት?»

«እሱ ሎጊያ ነው፤ እኔ ደብረ ሲና። መሐላችን መንገድ አለ» አልኳት።

ገብቷታል መሰለኝ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እሱን ማስፈረም የሚያስቸግር ከሆነ የሱ ስም ይቅርና በእርስዎ ብቻ መሞከር ይቻል እንደሆነ እንይ» አለችኝ። ልጅቷ ደግ ነች። «የለም፣ ሁለቱም ይግባ» አልኳት። «የመጀመሪያው ግማሽ የሱ ነው። የኔን ብቻ ብታስመዘግቡልኝ ሰው ሁሉ ምን ለሌለው እያለ ሲጠይቀኝ ልኖር ነው።»

ጃፈር ያስፈረመህ ወረቀት ያ ነው። ሲመለስ መኪናው ገና ሳይቆም ነበር መስኮቱ ላይ የተንጠለጠልኩት።

«ፈረመ?»

«አነበበው። መልሶ አነበበው። ፈረመ።»

«ሌላስ?»

«‹አሁንም ትጠራለች?› አለኝ። ‹ግማሹን› አልኩት።»

«ከዚያስ?»

«ወላሂ በሰለች፣ ምንም። ሻይ አዘዘልኝ።»

ሻይ! አንተ ለሰው ሻይ የምታዝዘው የምትለው ሲጠፋህ እንደሆነ እኔ አጥቼው ነው?

የኛም በተራው ጋዜጣ ላይ ወጣ፤ በዚያኛው ጋዜጣ ግን ቆሎ አልጠቀለልኩበትም። የሚቃወም ይመጣ ይሆን እያልኩ ነጭ መኪና ባየሁ ቁጥር ታርጋውን ሳነብ ከረምኩ። ማንም አልመጣም። ትናንት ወረቀቱ እዚሁ ደረሰኝና ማኅተሙን አየሁ። ራሴው አነበብኩት፦ ባየውና በሰለች። ከዚያ ጎዳናው ላይ ወጥቼ፣ የደሴው አውቶቡስ ቆሞ ነበር፣ እንደ ልቤ ጮህኩ። ነሲባ «አልሐምዱሊላህ፣ ጉሮሮሽ ዳነ» አለችኝ።

እንግዲህ ይህን ልብ በል፦ ሰማንያችንን ሽማግሌ ፊት እንጂ ማዘጋጃ ቤት አላስመዘገብነውም። ጩኸታችን ግን ተመዝግቧል፤ በየሰባት ዓመቱም ይታደሳል፣ የሁለታችንም ፊርማ እየተጠየቀ። ስለዚህ ወደድክም ጠላህም እንገናኛለን።

መዘዞ ደጋው ላይ ዘንድሮ ገብሱ አምሯል፤ ነጭና ሙሉ ነው። አዲስ ብረት ምጣድ ገዝቻለሁ፤ ለኔ እጅ ከብዷል። ከቆሎው በኩል ያለችውን ቦታህን ነሲባ ለሙዟ ጠይቃኝ ነበር። «የተመዘገበ ቦታ ነው» አልኳት። ና አላልኩም። መንገድ ተከፍቷል ነው ያልኩት። ጃፈር ሐሙስ ከሎጊያ ባዶውን ይመለሳል፤ አጠገቡ ያለው ወንበርም ባዶ ነው ይላል።

እመቤታችን ከፀሐዩም ከመንገዱም ትሰውርህ። የዘራኸው ይብቀል፣ የቆላኸው አይረር።

ቦታ ተርፏል ለካ። እንግዲያው ከላይ የዘለልኩትን እዚህ ልጻፈው፦

ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ።

የግማሹ ጥሪ ባለቤት
በሰለች