ድምፃችን ለደመራ ከመማገዱ በፊት

ለተከበሩ ሚስተር ዴዝሞንድ ራምስደን፣
የሆልምሾ ራግቢ ሊግ ክለብ ሊቀመንበር፣ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ የራምስደን ምንጣፍ መደብር ባለቤት፣
ሆልምሾ፣ ዮርክሻየር።

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም፣ ባለቤትዎ ወይዘሮ ሞሪንም፣ ጉልበትዎም በሙሉ ጤንነት እንዳላችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። ጉልበትዎን ለይቼ ያነሣሁት ባለፈው ሐሙስ እኔ በክለቡ የፊት በር ስገባ እርስዎ በኋላው በር የወጡበትን ፍጥነት አይቼ፣ ስድስት ወር ያስነከሰዎ ሕመም ጨርሶ እንደለቀቀዎ ስለተረዳሁና ስለተደሰትኩ ነው።

ከዚህ በፊት ሦስት ደብዳቤ በፖስታ ልኬልዎ መልስ አላገኘሁም። ፖስታ ቤቱን ከመውቀስ ብዬ ይህኛውን በክለቡ በር ላይ ለጥፌዋለሁ፣ አንድ ቅጂም ለከተማችን ሳምንታዊ ጋዜጣ ሰጥቻለሁ። ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ በከተማችን በየዓመቱ ኖቬምበር አምስት የምናነደው ደመራ የሚለኮሰው የፊታችን ማክሰኞ ማታ ነው። ስለዚህ ጊዜ የለኝም፤ እርስዎም የለዎትም። አቤቱታዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ከሁለት ሳምንት በፊት በተደረገው የክለቡ የራት ግብዣ ላይ እርስዎ መድረክ ላይ ቆመው በዓመቱ ምርጥ ተጫዋችነት ሁለተኛ የወጣው ስምንት ቁጥሩ ዴክላን ሞስ መሆኑን ስላበሠሩን ምስጋናዬ ይድረስዎ። ዴክላን ጨዋ ልጅ ነው። በኦገስት ወር በውሰት መጥቶ በሜዳችን ሦስት ጊዜ ተጫውቷል፤ ከሦስቱም በአንደኛው በአሥራ አንደኛው ደቂቃ በቀይ ካርድ ተባሯል። ስሙ ሲጠራ ልጁ ራሱ ከኋላው ማን እንዳለ ለማየት ዞረ። አርባ ዓመት በሜዳችን የሥጋ ፓይ መሸጫ መስኮት ያገለገለችው ብሬንዳ ቶርዶፍ ከኋላ ሆና፣ «ዴዝ፣ የኔ ጌታ፣ ይሄ ልጅ እኮ ሻወሩ በየት በኩል እንደሆነ ገና አላወቀም!» ስትል አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። እርስዎም፣ «የተቆጠረው ተቆጥሯል፣ ብሬንዳ፣ ቁጭ በይ» አሏት። ቁጭ አለች። እኔ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ቁጭ ማለት አልቻልኩም።

ሁለተኛ፣ ልጁ ሁለተኛ ሊወጣ የቻለበትን ምክንያት ለማግኘት አራት ቀን ፈጅቶብኛል። በሜዳችን በተደረጉት አሥራ ሁለት ጨዋታዎች ተመልካቹ ሁሉ በሩ ላይ ቁራጭ ወረቀት ተቀብሎ፣ በዕለቱ ከሁሉ የበለጠውን ተጫዋች የማሊያ ቁጥር ጽፎ፣ ሲወጣ በብስኩት ቆርቆሮው ውስጥ ይጥላል። ስም አይጻፍም፤ ቁጥር ብቻ። በዓመቱ መጨረሻ ድምሩ የበለጠው የሽልማቱን የእንጨት ጋሻ ይወስዳል፤ ስሙም በአዳራሹ ሰሌዳ ላይ በወርቅ ቀለም ይጻፋል። ዘንድሮ ቆጠራው ለአዲሱ ጸሐፊያችን፣ ማለትም ለአማችዎ ለሚስተር ጁልየን ክሮስ ተሰጠ። ሚስተር ክሮስ የእግር ኳስ ከተማ ልጅ ናቸው፤ ይህ በሰው ላይ የሚደርስ ነገር ስለሆነ አልወቅሳቸውም። በእነርሱ ጨዋታ ቁጥሩ ዓመቱን ሙሉ የሰውየው ነው። በእኛ ክለብ ግን ቁጥሩ የቦታው ነው፤ በዕለቱ በዚያ ቦታ የተሰለፈው ሰው ማሊያውን ይለብሳል፣ በሚቀጥለው እሑድ ደግሞ ሌላው ሊለብሰው ይችላል። ሚስተር ክሮስ የዓመቱን ስምንት ቁጥር ሁሉ በአንድ ላይ ደምረው፣ ድምሩን በመጨረሻው ጨዋታ ስምንት ቁጥር ለብሶ ለተገኘው ሰው አስረከቡ። ዴክላን ሞስ ገና ሌላ ክለብ እያለ በእኛ ሜዳ የተሰጠውን ድምፅ ሁሉ ያገኘው በዚህ ዓይነት ነው። እንዲህ ያለ ተአምር በከተማችን ሲሠራ በሕይወት ቆይቼ በማየቴ አምላኬን አመሰግናለሁ።

ሦስተኛ፣ ስምንት ቁጥሩን በመጀመሪያዎቹ ስድስት ጨዋታዎች የለበሰው ክሬግ ኦልድሮይድ ነው። እርስዎ ያውቁታል፤ ከፊት ተሰልፎ ኳስ የያዘ ተጋጣሚ የሚጥል፣ ኳስ ይዞ ሦስት ሰው ላይ የሚገባ፣ ጋዜጣ የማይጠቅሰው ሰው ነው። በሰባተኛው ጨዋታ የአሥር ቁጥሩ መንጋጋ በመሰበሩ አሠልጣኙ፣ «ክሬግ፣ እዚያ ግባልኝ» አለው፤ ገባለት። በአሥረኛው ደግሞ አሥራ ሦስት ቁጥር ጎደለና፣ «ክሬግ፣ እዚህ ና» አለው፤ መጣ። እንግዲህ ስድስት እሑድ ስምንት፣ ሦስት እሑድ አሥር፣ ሦስት እሑድ አሥራ ሦስት ሆኖ ተጫውቷል፤ ድምፁም ሦስት ቦታ ተከፍሎ፣ የስምንቱ ለዴክላን፣ የአሥሩ ለሌላ ሰው ሄዶ፣ ለራሱ የቀረለት የአሥራ ሦስቱ ብቻ ነው። እምቢ ብሎ አንድ ቦታ ላይ ቢገተር ኖሮ ድምፁ አንድ ላይ ይቆይለት ነበር። ክለባችን ለታዛዥነት የሚከፍለውን ዋጋ ለወጣቶቹ በዚህ መልክ ስላስተማሩልን ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

አንደኛ ስለወጣው ስለ ሊዮን ባፕቲስት ክፉ ቃል ከአፌ አይወጣም። ሊዮን የክንፍ ተጫዋች ነው፤ አሥራ ሁለቱንም ጨዋታ አምስት ቁጥር ለብሶ ተጫውቷል፣ ኳሱን ከመስመሩ ወዲያ አሳርፎ ሠላሳ አንድ ጊዜ አስቆጥሯል፤ እኔም ከዘራዬን እያነሣሁ ሠላሳ አንድ ጊዜ ጮኼለታለሁ። ዳሩ ግን በእነዚያው አሥራ ሁለት ጨዋታዎች ክሬግ አራት መቶ ሠላሳ ሰባት ጊዜ ሰው ጥሏል። በእርሳስ የቆጠርኩት እኔ ነኝ፤ ደብተሩ ቤቴ አለ፣ መጥቶ ማየት ለሚፈልግ ክፍት ነው።

ክሬግ ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው። በዚህ ክለብ አሥራ አራት ዓመት ሲጫወት ስሙ ሰሌዳው ላይ አንድ ጊዜ እንኳ አልወጣም። ባለፈው ወር ትከሻው በቀዶ ሕክምና ተጠገነ፤ ሐኪሙም ከእንግዲህ እንዳትጫወት ብሎታል። ለእርሱ የሚመጣ ዓመት የሚባል ነገር የለም። በራት ግብዣው ላይ የሊዮን ስም ሲጠራ ቀኝ ክንዱ አንገቱ ላይ ታስሮ ስለነበር ማጨብጨብ አልቻለም፤ በግራ መዳፉ ጠረጴዛውን እየመታ አጨበጨበለት። እርስዎ ከመድረኩ ላይ ሆነው ይህን ሳያዩት አልቀሩም።

ባለፈው ማክሰኞ ክሬግ ቤት ሄጄ የቆጠራውን ነገር ነገርኩት። «ተወው ዊልፍ፣ ሰው ያሾፍብኛል፤ ለአንድ እንጨት አለቀሰ ይሉኛል» አለኝ። ኮፍያዬን አንሥቼ ስወጣ እስከ በሩ ተከተለኝ። ከዚያም፣ «ሊዮን ከበለጠኝ በለጠኝ ነው፣ ምንም አይደል። ግን ቆጥረውት ነው ወይስ ሳይቆጥሩት? ይሄን ብቻ ባውቅ» አለኝ። ክቡር ሊቀመንበር፣ ጥያቄው በሙሉ ይህ ነው።

አራተኛ፣ ደንቡ ቁጥር እንጂ ስም አይጻፍም እንደሚል፣ ያንንም ደንብ ያረቀቀው ማን እንደሆነ ሊያስታውሱኝ እንደተዘጋጁ ሰምቻለሁ። አይድከሙ። ያረቀቅሁት እኔ ነኝ። በ1991 በተደረገው ጠቅላላ ጉባኤ አቀረብኩት፣ እጅ በማውጣትም በድምፅ ብልጫ ጸደቀ። ያኔ ቡድናችን ውስጥ ሁለት ዴሪክና ሦስት «ቀዮ» ስለነበሩ በየሳምንቱ ጠብ ነበር። ነገር ግን የዚያን ጊዜው ጸሐፊ የሚቆጥረው የዕለቱን የአሰላለፍ ዝርዝር አጠገቡ አድርጎ፣ ጨዋታ በጨዋታ ነበር። ይህንን በደንቡ ውስጥ አልጻፍኩትም፤ እንዲህ ያለውን ነገር መጻፍ የሚያስፈልገው ሰው ይመጣል ብዬ አላሰብኩም። ጥፋት ነው፤ ጥፋቱም የእኔ ነው። ስሜን ጠርቼ በክለቡ በር ላይ አምኜዋለሁ። አንድ ሰው እንዲህ ሲያደርግ ምን እንደሚመስል ኮሚቴው ቀረብ ብሎ ማየት ከፈለገ ወረቀቱ በዓይን ትክክል ተለጥፏል።

አምስተኛ። ወረቀቶቹ አልጠፉም። የየጨዋታው ለብቻ በላስቲክ ታስሮ፣ ቀኑ ተጽፎበት፣ አሥራ ሁለቱም እስር በአንድ የሙዝ ካርቶን ውስጥ ዕቃ ቤት ተቀምጦ ነበር። ባለፈው ሰኞ ካርቶኑን ከቆሻሻ ጣውላና ከአሮጌ ወንበር ጋር በደመራው ክምር ላይ አገኘሁት። የሜዳ ጠባቂውን ስጠይቀው፣ «ዊልፍ፣ እኔን አትቆጣ፣ ያዘዙኝን ነው ያደረግሁት፤ ማክሰኞ ሁሉም ይነዳል» አለኝ። ከዚያ ወዲህ በቀን ሦስት ጊዜ እየሄድኩ አየዋለሁ። ሐሙስ ዘነበ፤ የራሴን የዝናብ ልብስ አለበስኩት። ቤቴ ስመለስ ምግብ አይበላልኝም፣ ራዲዮ አልሰማም፤ ተነሥቼ እንደገና እሄዳለሁ። ሚስቴ ኢዲት፣ «ከካርቶኑ ጋር እዚያው ብታድር ይሻልሃል» ብላኛለች።

ታዲያ ለምን አንሥተህ አትወስደውም የሚሉኝ አሉ። አልወስደውም። የአንዱ ወገን ደጋፊ ከክምር ላይ አንሥቶ ቤቱ ያሳደረው ድምፅ፣ ድምፅ መሆኑ ይቀራል። አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላኝ ትምህርት ቤት ትቼ ሱፍ ፋብሪካ ገባሁ፤ ከዚያ ወዲህ የተማርኩትን የተማርኩት ከከተማው ቤተ መጻሕፍት ነው። ይህን ያህሉን ግን አውቃለሁ። ካርቶኑን ማንሣት ያለበት ያስቀመጠው ኮሚቴ ነው።

የምጠይቀው አንድ ጠረጴዛ፣ አሥራ ሁለት የአሰላለፍ ዝርዝር፣ ከኮሚቴው አንድ ሰው፣ ከደጋፊው አንድ ሰው፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ክሬግ አሸንፏል አላልኩም። ማን እንዳሸነፈ አላውቅም፤ እርስዎም አያውቁም፤ የእኔና የእርስዎ ልዩነት እኔ አለማወቄን ማወቄ ነው። ሊዮን በልጦ ከተገኘ ኮፍያዬን አውልቄ በክለቡ በር ላይ ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ፤ ለዚሁ ብዬ ከዚህ ደብዳቤ በታች ባዶ ቦታ ትቻለሁ።

ለራት ግብዣው ጥብስ፣ በአንድ የአባላት ስብሰባ ላይ «ዊልፍ፣ ዕድሜ ተጫጭኖሃል፣ ሂድና እሳትህን ሙቅ» ብለው ለጤናዬ ላሳዩት አሳቢነት፣ እንዲሁም ለስድሳ ሁለት ዓመት ደጋፊ የኋላ በር ምን ያህል እንደሚጠቅም ስላሳዩኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

ለክቡርነትዎ ያለኝ አክብሮት ኮሚቴው ለተመልካቹ ድምፅ ባለው አክብሮት ልክ እንደሆነ እያረጋገጥኩ፣ ቅዳሜ እና እሑድ ሙሉ ቀን፣ ሰኞ ከጠዋት ጀምሮ ከደመራው አጠገብ የምገኝ፣

ዊልፍሬድ አክሮይድ
የአባልነት ቁጥር 17

ተጨማሪ፦ ይህን ጽፌ ሳጥፍ የቤቴ በር ተንኳኳ። ሊዮን ባፕቲስት ነበር፤ የዓመቱን ምርጥ ተጫዋች ጋሻ በገበያ ከረጢት ይዞ። ወጥ ቤት ገብቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠውና፣ «አባባ ዊልፍ፣ ይቆጠርና የኔ ከሆነ ልወስደው እመጣለሁ። እናቴ እንኳ አሥራ ሁለት ጊዜ ጽፋ ለኔ የጻፈችው ሁለቴ ብቻ ነው፤ ‹ልጄ ብትሆንም ያን ቀን ሜዳውን የያዘው ክሬግ ነው› ትላለች» አለኝ። ሻይ ጠጣ፤ ደረሰኝ ጽፌ ሰጠሁት። ማክሰኞ በደመራው ፊት ከጋሻውና ከአሸናፊው ጋር ፎቶግራፍ ለመነሣት ጋዜጠኛ እንደጠሩ ሰምቻለሁ። ጋሻውን አልከለክልዎትም፤ የሰው ዕቃ ቤቴ ማቆየት ልማዴ አይደለም። ለማን እንደምመልሰው ግን አላውቅምና፣ ኮሚቴው ቆጥሮ ስሙን እንዲነግረኝ በትሕትና እጠብቃለሁ።